የገቢ መዝገብ

አሥራ አንድ ዓመቴ ነው ይህን መዝገብ ስሞላ፣
ቀን፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ያመጣው ሰው ከኋላ።
ሽፋኑ ላብ ጠጥቶ ሰማያዊነቱ ገርጥቷል፤
ጠርዙ ላይ የነሐሴ እርጥበት ሻጋታውን ዘርቷል።

መጋቢት መግባቱን ለማወቅ ቀን መቁጠሪያ አላይም፤
ከጣና በኩል ንፋስ የለም፣ ሌቱም ከቀኑ አይለይም፤
ዘንባባው ሳይነቃነቅ፣ አስፋልቱ ሲቀልጥ ውሎ
በውድቅት በሩ ይደበደባል፤ አንዱ ይገባል ዘሎ።

አቸነፍ፣ የባጃጅ ሹፌር፣ ከሽምብጥ፣ ሠላሳ ሁለት፤
ባጃጁን ለተሳፋሪ «እንኪ» ብሎ የሰጠ ለት፣
በሁለት ወንድሞቹ መሐል፣ ጫማውን በእጁ ይዞ
«ፀሐይ ናት የላከችኝ» አለኝ፣ ግንባሩ ላብ አርግዞ።
አምስት ሌሊት አልተኛም፤ ጣናን አስፋልት ሊያለብስ፣
ከባሕር ዳር ጎርጎራ ሰው በባጃጅ ሊያደርስ።

«ጾም ነው» አለችኝ እናቱ፤ «ክኒኑ ባዶ ሆድ አይወድም፤
እስከ ትንሣኤ ተወው አልኩት፤ እግዜር በዚህ አይፈርድም።»
አልመለስኩላትም። ጻፍኩ።
በዚያ ሳምንት ሰባት ገቡ፣ በሚቀጥለው ዘጠኝ፤
ፍራሽ ከወለል አነጠፍን፤ ብዕሬ ቀለም አለቀብኝ።

ከዚያ ሰኔ። ከዚያ ሐምሌ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድበት
ገጹ ይሳሳል፤ በሳምንት አንድ ስም የሚታይበት፣
አንዳንዴም እሱም የለ።

ኪሩቤል፣ ተለማማጁ ሐኪም፣ ደስ አለው ይህን ሲያይ፤
ወራቱን በቀይ አሰመረ፣ አንዴ ታች፣ አንዴ ላይ።
«አየሽ» አለኝ፣ «ሲዘንብ ራስም አብሮ ይቀዘቅዛል፤
መሬት ውሃ ሲጠጣ ጭንቅላት ይታዘዛል።»
እኔም አመንኩ።
በየክረምቱ መስኮት ዳር ባዶ አልጋ እየቆጠርኩ
«ዝናብ ሐኪም ነው» እያልኩ ለጠየቀኝ ስናገር ኖርኩ።

(የራሴን ነሐሴ ግን ለማንም አልተነፈስኩ፦
ሐይቅና ሰማይ ተጋጥመው አንድ ዓመድ በሆኑበት
ከአልጋዬ ለመነሣት ምክንያት ባጣሁበት፣
ፀጉሬን ሳላበጥር ሳምንት፣ ምሳዬን ጥጄ ስረሳው፣
የኔ ስም መዝገቡ ላይ የለም፤ ማን ጠርቶ ያንሣው?)

በጥር፣ ከጥምቀት ማግስት፣ አንጓች ከፎገራ መጣች፤
ግድግዳ ተደግፋ፣ ዝም ብላ፣ ወለል ላይ ተቀመጠች።
ቁርጭምጭሚቷ ዙሪያውን ገመድ የበላው ጠባሳ።
«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት ባሏን፣ ብዕሬን ሳነሣ።
«ከሰኔ» አለ።
ከሰኔ?
«ጉማራ ሞልቶ ነበር፤ ሜዳው ባሕር ሆኖ፣ በምን እንውጣ?
ኋላም ሩዙ ደረሰ፤ ካላጨድን ገንዘብ ከየት ይምጣ?
ታኅሣሥ ላይ ወቃን፣ ሸጥን፤ መኪናም ያኔ ነው የገባ።
እስከዚያ ከምሰሶ ጋር… ምን ላድርግ?» አለ፤ አነባ።

ብዕሬ ቆመ።
ገለጥኩት ወደ ኋላ፣ ጥር በጥር፣ ዓመት በዓመት፦
ከደራ፣ ከደቅ፣ ከአለፋ፣ በበጋ የተሰለፉት
ስንቶቹ ናቸው ክረምቱን በገመድ ያሳለፉት?
ለካስ እኔ የጻፍኩት ጭቃው የደረቀበትን፣
ሩዙ ገበያ ወጥቶ መኪና የተከፈለበትን።
መጋቢትም አልዋሸም፤ አቸነፍ ዛሬም ይመጣል፤
ግን እሱ ቤቱ ሽምብጥ ነው፤ ከበሩ አስፋልት ይወጣል።

ከዚያ ወዲህ በማስመሪያ አንድ ዓምድ ጨምሬያለሁ፤
«ከመቼ ጀምሮ?» ይላል፤ ሁሉንም እጠይቃለሁ።
ኃላፊው «ቅጹ ላይ የለም» አለ። ልክ ነው፤ የለም።

ዛሬ ሐምሌ አሥራ ሁለት። ከጠዋት ጀምሮ ይዘንባል።
ዘበኛው በራፉ ላይ ያደረ ጋዜጣ ያነባል።
እምቦጩ ወደ ዳር ተገፍቶ፣ ሐይቁ ቡና መስሎ ደፈረሰ።
ስድስቱ አልጋ ባዶ ነው፤ አንሶላው የተወጠረ፤
ጉማራ ማዶ ግን አንድ ሰው አለ፣ ከምሰሶ ጋር ያደረ።

መዝገቡን ገለጥኩ። ቀኑን ጻፍኩ፤
የስሙን ቦታ ክፍት ተውኩ።